ለማጥፋት ማንንም አታስፈቅዱ

በ2016 ዓ.ም. ጳጉሜን 1 ቀን ጠዋት ስነቃ ስልኬ ላይ አሥራ አንድ ያልተመለሰ ጥሪ ነበር። ከጥሪዎቹ በታች አንድ አጭር መልእክት አለ፤ "ሰው በር ላይ ቆሟል፤ ቶሎ ድረስ።"

የምሠራበት ቡድን እዚሁ ሐዋሳ ውስጥ ለአንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር ሶፍትዌር ይሠራል። ሐሙስ ነሐሴ 30 ማታ አዲስ የወለድ ስሌት ለቅቀን ነበር። ሦስት ሳምንት የተደከመበት ነው። ኮዱ በትክክል መሥራቱን የሚፈትኑት ቴስቶች ሁሉ አልፈዋል። ግን ቴስቶቹን የጻፍናቸው በሐምሌና በነሐሴ ቀኖች ነበር። ሌሊት ወሩ ከ12 ወደ 13 ሲዞር አዲሱ ስሌት "አንድ ወር አልፏል" ብሎ ቆጠረ። አምስት ቀን ያላትን ጳጉሜንን እንደ ሙሉ ወር ያዛት። የነሐሴን ክፍያ በሰዓቱ የከፈሉ ሰዎች ላይ ሳይቀር የወር ወለድና የመዘግየት ቅጣት ጫነባቸው። ከዚያም ጠዋት 12 ሰዓት ላይ፣ እንደ ወትሮው፣ ለሁሉም የጽሑፍ መልእክት ላከ።

ጳጉሜን ለብዙ ሰው ደሞዝ የሌለባት ወር ናት። የዶሮው፣ የቅቤው፣ የልጆች ልብስና የደብተር ወጪ ግን ተሰልፎ ይጠብቃል። በዚያች ጠዋት "ተጨማሪ ዕዳ አለብዎት" የሚል መልእክት ሲደርስ ቤት ውስጥ ምን እንደሚፈጠር የምታውቁት ነው።

ቢሮው በር ላይ ስደርስ ገበያ ውስጥ ቅመም የሚሸጡ አንዲት እናት ከፊት ቆመዋል። ስልካቸውን ዘረጉልኝ። "ልጄ፣ ጳጉሜን ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ወር የሆነችው?" አሉኝ። አልተቆጡም። ስልኩን ይዤ ቆሜ ቀረሁ።

"መልሱታ!" ትሉ ይሆናል። እኛም ያልነው ይህንኑ ነው። ግን በዚያ ማታ የወጣው የወለድ ስሌቱ ብቻ አልነበረም። የሦስት ሳምንት ሥራ በሙሉ አንድ ላይ ነው የወጣው። አዲስ ደረሰኝ፣ የአባላት መመዝገቢያ ገጽ፣ ዳታቤዙ ላይ የተጨመሩ ሁለት ሠንጠረዦች፣ ሌላም ሌላም። ስሌቱን ለመመለስ ሁሉንም መመለስ ነበረብን። በዚያ መሐል ጠዋት የተመዘገቡ አዳዲስ አባላት አዲሱ ሠንጠረዥ ውስጥ ገብተዋል። ወደ ኋላ ብንል እነሱ ይጠፋሉ። ባለበት ብንተወው ስህተቱ ይቀጥላል። እስከ ማታ 1 ሰዓት ድረስ እዚያው ተቀርቅረን ዋልን።

ከሁሉም በላይ ልቤን የነካው ግን ሌላ ነገር ነው። ሐሙስ ማታ ዲፕሎይ ያደረገው፣ ማለትም ኮዱን ሰርቨር ላይ የጫነው፣ ከመካከላችን በዕድሜ ትንሹ ልጅ ነበር። ተራው ስለነበር ብቻ። ኮዱን ሰባታችንም አይተን አሳልፈነዋል። እሱ ግን ሁለት ቀን ሥራ አልመጣም። ስልክ አላነሣም። ከተመለሰ በኋላም ለወራት ያህል፣ ዲፕሎይ የሚደረግበት ቀን ሲደርስ ፊቱ ይለዋወጥ ነበር። ሌሎቻችንም ብንሆን ከዚያ የተሻልን አልነበርንም። ፍርሃታችንን የምንደብቀው ሪሊዙን፣ አዲሱ ሥራ የሚወጣበትን ቀን፣ በማራዘም ነበር። "ትንሽ እንጠብቅ፣ ይህንንም እንጨምርበት" እያልን። የሚወጣው ሥራ በተከማቸ ቁጥር ሲበላሽ የሚያስከትለው ጉዳትም አብሮ ይገዝፋል። ይህን የተረዳነው ከጳጉሜን በኋላ ነው።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ከሰዓት ከትንንሽ የሶፍትዌር ቡድኖች ጋር እየተገናኘሁ፣ ኮድ ውስጥ አዲስ ሥራን መክፈቻና መዝጊያ ስለሆነው ፊቸር ፍላግ አስተምራለሁ። አንዳንዶቹ ከሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ገና የተመረቁ ልጆች ናቸው። አንዳንዶቹ ለሆቴል፣ ለፋርማሲ፣ ለትምህርት ቤት ሲስተም የሚሠሩ ናቸው። የምንገናኘው ፒያሳ አካባቢ ባለው ቢሯችን፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከመጀመሬ በፊት ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ እጠይቃቸዋለሁ። "መስኮት ላይ ተሰልፋችሁ 'ሲስተም የለም' የተባላችሁ እጃችሁን አውጡ።" ሁሉም ያወጣል። "ሲስተም የለም ያሰኛችሁስ?" ስል ክፍሉ ጸጥ ይላል። ከዚያ ቀስ እያሉ እጆች ይወጣሉ። ትምህርቱ የሚጀመረው እዚያ ላይ ነው።

ፊቸር ፍላግ ምን እንደሆነ ለማስረዳት ግድግዳው ላይ ያለውን ማብሪያ ማጥፊያ ነው የማሳያቸው። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ገመዱን ዘርግቶ፣ አምፖሉን ሰቅሎ፣ ሒሳቡን ተቀብሎ ሊሄድ ይችላል። መብራቱ የሚበራው ግን እኛ ስንጫነው ነው። ኮድም እንዲሁ ነው። ሰርቨር ላይ መጫን አንድ ነገር ነው። ለሰው እንዲታይ መክፈት ሌላ ነገር ነው። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ስለምናደርጋቸው ነው በየሪሊዙ የምንንቀጠቀጠው። ኮዱ ላይ ሲታይ ነገሩ ይህን ያህል ቀላል ነው፦

"አዲስ_የወለድ_ስሌት" በርቷል?
አዎ ከሆነ፦ በአዲሱ አስላ።
ካልሆነ፦ በአሮጌው አስላ።

ለመጀመር ይህ ይበቃል። ዳታቤዝ ውስጥ አንዲት ሠንጠረዥ ትከፍታላችሁ። የፍላጉ ስም፣ በርቷል ወይስ ጠፍቷል፣ ለየትኛው ቅርንጫፍ፣ ባለቤቱ ማን ነው፣ እስከ መቼ ይቆያል። እንደ ላውንችዳርክሊ ያሉ የሚከፈልባቸው አገልግሎቶች አሉ፤ ነገር ግን በየወሩ በዶላር መክፈል ለእንደኛ ዓይነቱ ቡድን ከባድ ነው። አንሊሽ (Unleash) የተባለው፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ሶፍትዌር በራሳችሁ ሰርቨር ላይ ሊጫን ይችላል። እኛ ግን የጀመርነው በሠንጠረዧ ነው፤ እስካሁንም አላስቸገረችንም።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ፍሊከር የተባለው የፎቶ ማጋሪያ ድረ ገጽ መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. በ2009 ሁሉም በአንድ ዋና ኮድ ላይ እየሠሩ ያላለቀውን ሥራ በፍላግ እንደሚሸፍኑ ጽፈው ነበር። እኔ ይበልጥ የምወደው ግን በ2008 ፌስቡክ ቻቱን ሲከፍት ያደረገውን ነው። ሰው ምንም ሳይታየው፣ የተጠቃሚዎቹ ገጾች ከጀርባ ወደ ቻት ሰርቨሮቹ ጥያቄ እንዲልኩ አደረጉ። ሰርቨሮቹ ጫናውን መቻላቸውን ያረጋገጡት ማንም ቻቱን ሳያየው ነው።

ከጳጉሜን በኋላ እኛ የቀዳነው ይህንን ነው። አሁን አዲስ ስሌት ስንጽፍ መጀመሪያ ከአሮጌው ጎን ለጎን በጸጥታ እንዲሠራ እናደርጋለን። አባሉ የሚያየው የአሮጌውን ውጤት ነው። አዲሱ ያወጣው ቁጥር ከአሮጌው ከተለየ ልዩነቱ መዝገብ ላይ ይጻፋል። ጠዋት ቡና እየጠጣን መዝገቡን እናያለን። በዚያ ዓመት ይህን አድርገን ቢሆን ኖሮ፣ የጳጉሜን ስህተት የሚያርፈው የእኛ መዝገብ ላይ እንጂ የእነዚያ እናት ስልክ ላይ አልነበረም። ገንዘብ ለሚነካ ማንኛውም ሥራ ይህን ሳታደርጉ እንዳትከፍቱ ብዬ ተማሪዎቼን እለምናለሁ። ቃሉ እሱ ነው፤ እለምናለሁ።

አንድ ቅዳሜ አንድ ተማሪ ጥሩ ጥያቄ ጠየቀኝ። "ኮዱን በአንዴ ሳይሆን በየሰርቨሩ ቀስ እያልን ከጫንነው ፍላጉ ለምን ያስፈልገናል?" አለኝ። እ.ኤ.አ. ጁን 12 ቀን 2025 ጉግል ሰርቨሮቹን ለሌሎች በሚያከራይበት አገልግሎት፣ በጉግል ክላውድ ላይ የደረሰውን ነገርኩት። ጉግል ችግር የፈጠረውን ኮድ ከሜይ 29 ጀምሮ አካባቢ በአካባቢ ቀስ እያለ ነበር የጫነው። ምንም አልተፈጠረም። ለምን? ያ የኮዱ ክፍል የሚነቃው የተወሰነ ዓይነት መረጃ ሲመጣለት ብቻ ነው። እስከዚያ ተኝቶ ነበር። ጁን 12 ባዶ ቦታ ያለበት መረጃ ገባና በሰከንዶች ውስጥ ዓለሙን አዳረሰ፤ ኮዱ በየቦታው ነቅቶ ወደቀ። ኩባንያው ባወጣው ዘገባ ኮዱ ስህተት ሲያጋጥመው የሚይዝበት መንገድ እንዳልነበረውና በፍላግም እንዳልተጠበቀ ራሱ ጽፏል። የእኛም ስሌት እንዲሁ ተኝቶ ነበር። ጳጉሜን እስክትመጣለት። ልጁ "እንግዲያው ቀስ ተብሎ መከፈት ያለበት ኮዱ ብቻ ሳይሆን ሥራው ራሱ ነው" አለ። ከእኔ የተሻለ አድርጎ አስቀመጠው።

ቀስ ብሎ መክፈት ሲባል መጽሐፎቹ ብዙ ጊዜ የሚያስተምሩት በመቶኛ ነው። የአባሉን መለያ ቁጥር ወስደህ ከ0 እስከ 99 ባለ አንድ ቁጥር ላይ ታሳርፈዋለህ። ከ5 በታች የሆኑት አዲሱን ያያሉ። ያው አባል ሁልጊዜ ያው ቁጥር ላይ ስለሚያርፍ ዛሬ አዲስ፣ ነገ አሮጌ እያየ አይደናገርም። እናት ወጡን በመዳፏ ጠብ አድርጋ ጨውን እንደምትቀምሰው ነው። ለእንግዳ ከመቅረቡ በፊት ትንሽ ይቀመሳል።

ይህ በመጽሐፍ ጥሩ ነው። እኛ ጋ ግን አንድ ነገር አበላሸብን። ገበያ ውስጥ ሰዎች ጎን ለጎን ነው የሚሸጡት። ስልካቸውን ይለዋወጣሉ፤ አንዱ የሌላውን ሒሳብ ያያል። ለአንዷ አዲሱ ገጽ ሲወጣላት ጎረቤቷ "ለሷ ብቻ ለምን ተደረገላት?" ማለት ጀመረች። ወሬው ቅርንጫፉን አዳረሰ። ገንዘብ ያዦቹም ማን ምን እንደሚታየው ስለማያውቁ መልስ አጡ። ከዚያ በኋላ በመቶኛ መክፈቱን ትተን በቅርንጫፍ አደረግነው። አንድ ትንሽ ቅርንጫፍ እንመርጣለን። ገንዘብ ያዦቹን ቀድመን እናሳያለን። ለሳምንት ከነሱ ጋር እንሰነብታለን። አንዲት ልምድ ያላት ገንዘብ ያዥ በሁለት ቀን የምታገኘውን ችግር አሥር ቴስት አያገኘውም።

ሌላው አገራችን የሚያስተምረን ነገር ኔትወርኩ ነው። ፍላጉ በርቶ እንደሆነ የሚጠየቅበት ሰርቨር ካልተገኘ ፕሮግራሙ ምን ያድርግ? ይህን ለፍላጉ ስም ከመስጠታችሁ በፊት ወስኑ። የእኛ ደንብ ግልጽ ነው። መጀመሪያ መጨረሻ የታወቀውን ሁኔታ ያዝ። እሱም ከሌለ አሮጌውን፣ የምናውቀውን መንገድ ሂድ። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ማንም ሳያስበው አዲስ ሥራ በራሱ የሚበራ ከሆነ ያ ፍላግ አይባልም።

ትምህርቱ መሐል ላይ ስንደርስ ሁልጊዜ በሩ አጠገብ ወዳለው ሰሌዳ እወስዳቸዋለሁ። አራት ማብሪያ ማጥፊያ አለበት። ሦስቱ የታወቁ ናቸው። አራተኛው ላይ ነጭ ፕላስተር ተለጥፎ በእስክሪብቶ "አትንኩ" ተብሎ ተጽፎበታል። ጽሑፉ ቢሮውን ከኛ በፊት የተከራዩት ሰዎች ነው። ፕላስተሩ ጠርዙ ቡናማ ሆኗል። "ምን ያደርጋል?" ይሉኛል። አላውቅም። "ማን ያውቃል?" ማንም አያውቅም። ቤቱን ሊያከራዩን የመጡትን ጋሼንም ጠይቄያቸው ነበር፤ እሳቸውም አያውቁትም። ተከራይቶ የገባ ሁሉ ያን ጽሑፍ አክብሮ ይኖራል።

ፍላግም ካልተነቀለ እንዲህ ይሆናል። አሥር ፍላግ ያለው ሲስተም 1,024 ዓይነት መልክ ሊይዝ ይችላል። ማንም ያን ሁሉ አይሞክርም። ይህንን ስናገር አንዳንዶቹ የማጋንን ይመስላቸዋል። ስለዚህ ናይት ካፒታል ስለተባለው የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ኩባንያ እነግራቸዋለሁ። ኩባንያው እ.ኤ.አ. ኦገስት 1 ቀን 2012 ገበያው ሲከፈት አዲስ ኮድ ሥራ ላይ አዋለ። ኮዱ ከስምንት ሰርቨሮች ሰባቱ ላይ ተጭኗል። አንዱ ተረስቷል። የሚበራበት ፍላግ ደግሞ አዲስ አልነበረም። ከ2003 ወዲህ ሥራ ላይ ያልዋለ አንድ አሮጌ ተግባር ይበራበት የነበረውን ፍላግ ነው መልሰው የተጠቀሙበት። አሮጌው ኮድ ግን ከሰርቨሩ አልተሰረዘም ነበር። ፍላጉ ሲበራ በስምንተኛው ሰርቨር ላይ ያ የተረሳ ኮድ ተነሣ። ያለማቋረጥ አክሲዮን ይገዛና ይሸጥ ጀመር። ሰዎቹ ግራ ሲገባቸው አዲሱን ኮድ ከሰባቱ ሰርቨሮች አነሡት። ያን ጊዜ ነገሩ ባሰ፤ ሰባቱም አሮጌውን ያዙ። በ45 ደቂቃ ገደማ ውስጥ ከ460 ሚሊዮን ዶላር በላይ ኪሳራ ደረሰባቸው።

ይህን ከሰሙ በኋላ ወደ ፕላስተሩ ሲመለከቱ ዓይናቸው ይለያል።

ስለዚህ ፍላግ ሲወለድ የሚነቀልበት ቀን አብሮ ይጻፋል። ባለቤቱም ይጻፋል፤ የሰው ስም እንጂ "ቡድኑ" አይባልም። ቀኑ ካለፈ ቴስታችን ይወድቃል። ማንም አዲስ ነገር መጨመር አይችልም፤ መጀመሪያ ያ ፍላግና አሮጌው ኮድ ይነቀላሉ። የአንዱን ፍላግ ስም ለሌላ ሥራ መጠቀም ክልክል ነው። አንድ ዓይነት ፍላግ ብቻ እንዲቆይ እንፈቅዳለን፤ ችግር ሲመጣ አንድን ሥራ ለማቆም የሚያገለግለውን። ለምሳሌ የጽሑፍ መልእክት መላኪያውን ብቻ የሚያቆም አለን። እሱን በየወሩ እያጠፋን እያበራን እንሞክረዋለን። ሰው ያልነካው ማጥፊያ በቸገረው ቀን ላይሠራ ይችላል።

ፍላግ የማይችለውንም መንገር አለብኝ። የተላከ መልእክት አይመልስም። ዳታቤዝ ውስጥ የተጻፈ የተሳሳተ ዕዳ አይሰርዝም። ለዚህ ነው ዳታቤዙ ላይ ለውጥ ስናደርግ መጀመሪያ መጨመር ብቻ፣ አሮጌውን መሰረዝ ደግሞ ከሳምንታት በኋላ የምናደርገው። ፍላጉ ቢጠፋ አሮጌው ኮድ የሚቆምበት መሬት ሊኖረው ይገባል።

ግን ይህ ሁሉ የሚማሩት ነገር ነው። አንድ ጎበዝ ልጅ በሁለት ቅዳሜ ይይዘዋል። የሚከብደው ሌላ ነው። ቡድኖች ፍላግ ያስገባሉ፤ ማጥፊያው አላቸው፤ ችግሩ ሲመጣ ግን ማንም አያጠፋም። ለምን? ማጥፋት ሽንፈት ይመስላል። ሥራ አስኪያጁ ለደንበኛው "ወጥቷል" ብሎ ነግሯል። ትንሿ ልጅ ችግሩን አይታለች፤ ግን "እኔ ማን ነኝና?" ትላለች። ለአለቃዋ ትደውላለች። ስብሰባ ላይ ነው። ሁለት ሰዓት ያልፋል። በሁለት ሰዓት ውስጥ ስንት ሰው ይጎዳል?

የእኛ ቤት ደንብ ይህ ነው። ለማብራት ሁለት ሰው ይስማማ። ለማጥፋት ማንንም አታስፈቅዱ። ዛሬ የተቀጠረም ቢሆን፣ ልቡ ከጠረጠረ ያጥፋ፤ ከዚያ ለቡድኑ ይንገር። ተሳስቶ ቢሆን እንኳ የጠፋው መልሶ ይበራል። ይህን ደንብ ለቡድኖቹ ስናገር አለቆቻቸው ክፍሉ ውስጥ እንዲኖሩ አጥብቄ እጠይቃለሁ። አለቃው በሌለበት የተማሩት በሳምንቱ ሲፈርስ አይቻለሁ። ደንቡ ግድግዳ ላይ መለጠፉም አይበቃም። መጀመሪያ ያጠፋው ሰው ምን ተባለ የሚለው ነው ሁሉንም የሚወስነው።

እኛ ጋ መጀመሪያ ያጠፋው ያ ትንሹ ልጅ ነው። ጥር 2017 ላይ፣ በምሳ ሰዓት። እኛ አሞራ ገደል ዓሣ ልንበላ ወርደን ነበር። ቴሌግራም ላይ እንዲህ ብሎ ጻፈ፤ "አዲሱን ደረሰኝ አጥፍቼዋለሁ። የመናኸሪያው ቅርንጫፍ ላይ የአንዳንድ አባላት ስም ይቆረጣል።" መልእክቱን ሁላችንም አየነው። ሥራ አስኪያጃችንም አየ። ያን ደረሰኝ ለማኅበሩ ሰዎች በዚያው ጠዋት አሳይቶ ነበር። ምንም አልተናገረም። ሒሳብ ከፍለን ባጃጅ ያዝን።

ቢሮ ስንገባ ልጁ ከወንበሩ ተነሣ። እጁ ጠረጴዛው ላይ ነው። ሥራ አስኪያጁ ቀጥ ብሎ ወደ እሱ ሄደ፤ ወንበር ስቦ አጠገቡ ተቀመጠና "ምን አየህ? እስቲ አሳየኝ" አለው።

ልጁ ተመልሶ ተቀመጠ። ስክሪኑን ወደ እሱ አዞረለት። አያታቸው ረጅም ስም ያላቸው አባላት ደረሰኝ ላይ የአያታቸው ስም ግማሹ ይጠፋል፤ ከተቆረጠ በኋላ ደግሞ ሁለት ሰዎች አንድ ሰው ይመስላሉ። ሁለቱ አንገታቸውን ደፍተው መቁጠር ጀመሩ። አሥር ሰዓት ላይ ተስተካከለ። ሐሙስ በራ። በየካቲት አጋማሽ ልጁ ራሱ ፍላጉንና አሮጌውን ደረሰኝ ነቀላቸው፤ ለውጡን ሲያስገባ የጻፈው መግለጫም "ከእንግዲህ አያስፈልግም" የሚል ብቻ ነበር።